የማትወዛወዘው ሲኞራ

የዱሊዮን ካምፐር፣ ያቺን ባለ ጎማ ቤት፣ በኋላዋ በኩል እኔን ያህል የሚያውቃት የለም። የካምፐር ባለቤቶች ክበባችን ለጉዞ ሲወጣ አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፤ አቅም ያነሳት መኪና ከፊት ትሆናለች፣ ጉልበተኞቹ ከኋላ ይከተላሉ። እንዲያ ካልሆነ ባለ ቱርቦዎቹ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጥተው ይጠፉና ደካማው ብቻውን መንገድ ላይ ይቀራል። ከሁላችን ደካማዋ የዱሊዮ ናት፤ ከሷ ቀጥላ የኔ። ስለዚህ ሌላው ሰው ተራራ ሲያይ እኔ የማየው የሷን ቂጥ ነው፤ የዛገ መሰላል፣ የተላጠ ቀለም፣ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባላት ደግሞ የምትለቀው ጥቁር ጭስ። «ዱሊዮ ክብሩን ይበላል፣ ሎሬዳና ጭሱን ትበላለች» እያሉ ይቀልዱብናል።

ክብሩን ግን እሱ አልፈለገውም። ከፊት የምትሄደው መኪና ላይ የክበቡ ቢጫ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ዱሊዮ ያቺን ባንዲራ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያስራት። ሞተሯ የሰማንያዎቹ ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ የለው፣ ምን የለው። ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ፣ ከኋላው ምድጃ፣ ማጠቢያ፣ ቁም ሳጥን፣ ሽንት ቤት ሳይቀር ተጭኖባት ሰባ አምስት ፈረስ ምን ያድርግ? «ፈረሶችህ አርጅተዋል» ሲሉት «ፈረሶቹ ደህና ናቸው፣ መንገዱ ነው ቀጥ ብሎ የቆመው» ይላል። ካምፐሯን ሲኞራ፣ እመቤት እንደማለት፣ ብሎ ነው የሚጠራት፤ ሲያቆላምጥም ሲሰድብም ያው ሲኞራ ነው።

ሙያው ግንበኛነት ነው። ከጣሊያኗ ካሜሪኖ ከተማ ቁልቁል ባለችው መንደራችን ውስጥ ግማሹን ግድግዳ ያቆመው እሱ ነው። እጁ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሥራ ሲያስረክብ ግድግዳውን በመዳፉ ቸብ አድርጎ «በሉ፣ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተኙ» የሚል ሰው ነበር። እኔንም ብሎኛል። ባሌ ከሞተ በኋላ የወጥ ቤቴን ግድግዳ ሲጠግንልኝ እንዲሁ ቸብ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ ያ መከር መጣ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የሰው ቤት ወረደ። የሳንቴ ቤት ከነጣሪያው ተደፋ። ሳንቴ የክበባችን መካኒክ ነው፤ ጡረታ ወጥቷል፣ አፉ ግን አልወጣም። ያን ሌሊት በሙታንታ ብቻ፣ በባዶ እግሩ፣ መጥበሻ ይዞ እንዴት እንደሮጠ በየግብዣው ይተርካል። «ለምን መጥበሻ?» ይሉታል። «እንቁላሉን መሬት እንድትጠብስልኝ!» ይላል፣ ሁሉም በሳቅ ይፈርሳል። አሁን መንግሥት በሠራለት የእንጨት ቤት ውስጥ ይኖራል።

የዱሊዮ ቤት ግን አልፈረሰም። ከወጥ ቤቱ በር በላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች፣ እሷኑ ነው ያተረፈው። መሐንዲሶቹ መጥተው አዩ፣ ደህና ነው ብለው ሄዱ። ዱሊዮም ስንጥቋን በልስን ደፈናት፣ ቀለም ቀባት፣ ቸብ አደረጋት። ያን ዕለት ማታ ታዲያ አልጋው ላይ መውጣት አቃተው። ግቢው ውስጥ ወደ ቆመችው ሲኞራ ሄዶ ተኛ። በማግስቱም እንዲሁ። ክረምት መጣ፣ በጋ መጣ፣ ሦስት ዓመት ሆነ፣ ሚስቱ ኤርሲሊያ ቤት ውስጥ፣ እሱ ግቢ ውስጥ።

ይህ ሰው በፍርሃቱ እንዴት እንዳፈረ እኔ መናገር አልችልም፤ ግን ልሞክር። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ተመልሰው ጣሪያ ሥር እየተኙ፣ እሱ በገዛ እጁ ያቆመው፣ ያልወደቀ ቤት ውስጥ መተኛት አልቻለም። የመንደሩን ሰው ሁሉ «እግራችሁን ዘርጉ» ያለ ሰው እሱ እግሩን መዘርጋት አልቻለም። ይህ ከታወቀ ነገ ማን ግድግዳ ያሠራዋል? ማንስ ማስትሮ፣ ጌታው ግንበኛ፣ ብሎ ይጠራዋል? ስለዚህ ምክንያት ፈጠረ። ኤሌክትሪኩ ለምን በወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ካምፐሯ ተዘረጋ ብለው ሲጠይቁት፣ «ኤርሲሊያ ታንኮራፋለች» አለ። «እንደ ኮምፕሬሰር ነው የምታንኮራፋው፣ ምን ላድርግ?»

እኛም አመንን። አምነን ብንተወው ደግ ነበር፣ መቀለጃ አደረግነው። ኤርሲሊያ ዳቦ ልትገዛ ስትገባ ባለሱቁ፣ እሱም የክበባችን ሰው ነው፣ «ትናንት ነጎድጓድ ነበር ወይስ አንቺ ነሽ?» ይላታል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አበባ የምታስተካክል ሴት ናት። ፈገግ ብላ ዳቦዋን ይዛ ትወጣለች። ስሟን ለባሏ ፍርሃት መሸፈኛ ሰጠችው፣ እሱም ተቀበላት። ይህን ሳስበው እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ሲኞራም ብትሆን መደበቂያነቷ እንዲሁ አልተገኘም። የነዚህ አሮጌ ካምፐሮች ባሌስትራ፣ ከሥር ክብደቱን የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት፣ ከዕድሜ ብዛት ይዝላል፤ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር መኪናዋ ትወዛወዛለች፣ ነፋስ ሲመጣማ አይጣል ነው። ዱሊዮ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎኑን ሲያገላብጥ ሲኞራ ወዝ ትላለች፣ እሱ በሸሚዝ ግቢ መሃል ይገኛል። ሁላችንም ኋላዋ እንዳይወርድ ብለን ከባሌስትራው ጎን ሁለት የጎማ ትራስ እናስገባለን፤ ትንሽ አየር ይሞላበታል፣ መኪናዋ ቀና ትላለች። ዱሊዮ ሞላበት። ጨመረ። ደግሞ ጨመረ። ትራሶቹ እንደ ድንጋይ እስኪሆኑ ሞላቸውና ያን ማታ ሲገላበጥ ሲኞራ ንቅንቅ አላለችም። ቆማ ሲታደርባት መልካም ነው። ለመንገድ ግን ባሌስትራ የሌላት ጋሪ አደረጋት ማለት ነው፤ ጠጠር በረገጠች ቁጥር ኋላዋ እንደ ፍየል ይዘላል። ከኋላ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ።

በሰኔ ወደ ካስቴሉቾ ሜዳ ልንወጣ፣ የምስሩን አበባ ልናይ ተሰበሰብን። ዱሊዮ ባንዲራዋን ሲያስር ሳንቴ መጥቶ በሲኞራ የኋላ መከላከያ ላይ በሙሉ ክብደቱ ቁጢጥ አለ። መቶ ኪሎ የሚሞላ ሰው ነው። አልወረደችም።

«ይቺ ካምፐር ናት ወይስ ሐውልት?» አለ። «ማስትሮ፣ ኮንክሪት ነው እንዴ የሞላህባት?»

«ውረድ ከላይዋ።»

«አየሩን ግማሽ ልቀቅላት፣ ስማኝ። እላይ ነፋስ አለ። ኋላዋ መሬት ካልያዘ ይዞህ ነው የሚሄደው።»

«የራስህን ጠብቅ አልኩህ!»

«የራሴንማ ጠብቄያለሁ። ኤርሲሊያ! አንቺ እንኳ ንገሪው እንጂ! ወይስ በማንኮራፋትሽ ነው የነፋሽለት?»

ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ኤርሲሊያ በሩን ከፍታ ገባች፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ማየት ጀመረች። ዱሊዮ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። እኔ ከንዴት ነው ብዬ ነበር።

ከቪሶ መንደር በኋላ ያለው ዳገት የሲኞራን ነፍስ የሚያወጣ ዳገት ነው። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ፣ እንደገና ሁለተኛ፤ ጭሱ መስኮቴን ሞላው። ከኛ ኋላ ደግሞ የእሑድ መኪና ሁሉ ተሰልፎ ጡሩምባ ይነፋል። አንዱ ወጣት በሞተር ብስክሌት እያለፈ ለዱሊዮ እጁን ጆሮው ሥር አድርጎ የመተኛት ምልክት አሳየው። ዱሊዮ አንገቱን ወደ ትከሻው ሲቀብር በመስታወቱ አየሁት። ሰባ አምስቱ ፈረሶች እያቃሰቱ አናት ላይ አደረሱን።

ማዶ ቁልቁለት ነው። ዱሊዮን ሲያዋርዱት ስለቆዩ መሰለኝ፣ ቁልቁለቱ ላይ ለቀቃት። ነፋሱ በቀኝ ይመታል፣ ግድግዳ የምታህል ጎኗን ገልጣ ሰጥታዋለች። ከዚያ ወደ ግራ የሚታጠፈው ጋ፣ ከመንቀጥቀጡ ወዲህ አስፋልቱ የተጣጣፈበት ቦታ ደረሰች። ኋላዋ አንዴ ዘለለ። ሁለተኛ ሲዘል ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው ከሥራቸው ብርሃን አየሁ። ሲወርዱ ሌላ ቦታ ወረዱ። ቂጧ ወደ ገደሉ ሄደ፣ አፍንጫዋ ወደ ተራራው ዞረ፣ ባንዲራዋ ተጠቀለለች። ጮህኩ። የፊት ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብቶ ያዛት እንጂ ዛሬ ስለ ዱሊዮ በሌላ ቃና ነበር የማወራው።

ሮጠን ደረስን። ውስጥ ሳህን የሚባል አልተረፈም። ኤርሲሊያ ግንባሯ ተጭሯል፣ ሌላ ምንም አልሆነችም፤ ደግፈን አወረድናት። ዱሊዮ መሪውን አልለቅም ብሎ ተቀምጧል። ሳንቴ ማንንም ሳያናግር ከመኪናዋ ሥር ተንበረከከና የትራሱን ክዳን ፈታ። አየሩ መፉጨት ጀመረ።

ያኔ ነው ዱሊዮ ዘሎ የወረደው። የሳንቴን እጅ ያዘ።

«አታውጣው!»

«አብደሃል? ልትገድላት ነበር እኮ!»

«አታውጣው አልኩህ! ተው፣ እባክህ… ሳንቴ፣ እባክህ ተው።»

እባክህ የሚል ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሁላችንም ደነገጥን። ሳንቴ «ለምን?» አለው። ኤርሲሊያ ነች የመለሰችው፤ መሐረቧን ግንባሯ ላይ ይዛ መንገዱ መሃል ቆማ።

«እኔ በሕይወቴ አንኮራፍቼ አላውቅም!» አለች።

መጀመሪያ አልገባንም።

«አላንኮራፋም! ሰማችሁ? እሱ ነው ቤት ውስጥ መተኛት የማይችለው። ሦስት ዓመት! ይቺም ስትወዛወዝ አይችልም፣ ለዚህ ነው የሚነፋት። ዝም አልኩ፣ ስቃችሁብኝ ዝም አልኩ። አሁን ግን ልሞት ነበር። ለመሞት ዝም አልልም።»

ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል። እኛ ዘንድ ከዚያ መከር ወዲህ ይህን ምኞት የሚመኝ የለም። ዱሊዮ ግን በዚያች ሰዓት የተመኘው ይመስለኛል። ትልልቅ እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው አጥቶ አንዴ ኪሱ ከተታቸው፣ አንዴ አወጣቸው። ጥርሳቸውን ሲያገጡበት የነበሩት ሁሉ ጫማቸውን ያዩ ጀመር፣ እኔም የራሴን አየሁ። ወደ ኤርሲሊያ ልሄድ አሰብኩና ምን ብዬ? በዳቦ ቤቱ ቀልድ ስንት ጊዜ ሳቅሁ?

ሳንቴ አየሩን አውጥቶ ጨረሰ። ሲኞራ ቀስ ብላ በባሌስትራዋ ላይ ተቀመጠች። በገመድ ጎትተን ከቦዩ አወጣናት። ዱሊዮ ባንዲራዋን ፈታና ወደኔ ዘረጋ፤ አይኔን አላየም።

«ሎሬዳና፣ አንቺ ምሪ።»

«እኔ ሁለተኛ ነኝ፣ የኔ ጌታ» አልኩት። «ጭስህን ለምጄዋለሁ።»

መልሶ አሰራት። የቀረውን ቁልቁለት ስትወርድ ከኋላ አየኋት፤ የተጣጣፈውን አስፋልት ረግጣ እንደ ሰው መኪና ዝቅ ብላ ቀና ትላለች፣ ጎማዋ መሬቱን አይለቅም። ካየኋት ጀምሮ እንዲያ አምሮባት አያውቅም።

ሜዳው ላይ ክብ ሠርተን ቆምን። አበባው ገና ግማሹ ነው፣ ነፋሱ ግን ሙሉ ነበር። ቋሊማ ተጠበሰ፣ ወይን ተቀዳ፣ ዱሊዮ አልመጣም። ድንጋይ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። ሲኞራ ከአጠገቡ በነፋሱ ወዝ፣ ወዝ ትላለች፣ እሱም እሷን ያያል። ሳህን ይዤለት ሄጄ ነበር፣ «አልራበኝም» አለኝ፤ የተናገረው ለመሬቱ ነው። ኤርሲሊያ ከኛ ጋር በላች። ማንም ስለ ማንኮራፋት አላነሳም። ባለሱቁ ከወትሮው የበለጠ ወይን ቀዳላት፣ እሷም ገፋ አድርጋ «ይበቃኛል» አለችው፤ ምን እንደበቃት ሁላችንም ገባን።

ፀሐይ ሳትገባ ሳንቴ ከካምፐሩ አራት ክሪክ አወጣ። ካምፐር ሲቆም እንዳይወዛወዝ በአራቱ ማዕዘን ከሥሩ የሚቆምበት ብረት ነው፤ ዱሊዮ በአየሩ ተማምኖ የራሱን ከጣለ ቆይቷል። ሳንቴ ብረቶቹን ከዱሊዮ እግር ሥር ጧ አድርጎ ጣላቸው።

«ተነሥ ማስትሮ። ሻንሲዋ የት ጋ ነው ያልዛገው? አሳየኝ።»

«ተወኝ።»

«አየርህን በላሁብህ፣ ብረት ልተካልህ ነው። ተነሥ፣ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም።»

«አንተስ? ያንተ አይደል እንዴ?»

«እኔ?» ሳንቴ ሳቀ። «እኔማ መሬት ብትጨፍር አልሰማም። ድንጋይ ነኝ። አልጋዬ ላይ ከወደቅሁ ቀሰቃሽ ያስፈልገኛል።»

አራቱን አቆሙ። ሳንቴ ሲኞራን በትከሻው ገፋት፣ ንቅንቅ አላለችም። ዱሊዮ አላመሰገነውም። ሳንቴም አልጠበቀም፤ «ሙታንታህን ይዘህ ሩጥ ሩጥ ካለህ መጥበሻ አበድርሃለሁ» ብሎት ሄደ።

ስለ ሳንቴ ሳልናገር የረሳሁት አንድ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ወደ ሴኒጋሊያ የባሕር ዳርቻ ሄደን ነበር። ሁሉም ጫማውን አውልቆ አሸዋ ላይ ሲንከባለል ሳንቴ ባለ ማሰሪያ ወፍራም ጫማውን ሳያወልቅ ጃንጥላ ሥር ተጋደመ። እግሩ ይሸታል፣ አፍሮ ነው ብለን ስቀንበት ነበር። እሱም «ዓሣዎቹን እንዳልገድል ነው» ብሎ አብሮን ሳቀ።

ንጋት ላይ የእቃ ማጠቢያዬን ውኃ ልደፋ ወጣሁ። ሣሩ ረጥቧል፣ ነፋሱ አልቆመም። ዱሊዮ ቀድሞኝ ተነሥቷል። ፊቱ የተኛ ሰው ፊት ነበር፤ ጉንጩ ላይ የትራስ መስመር አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ማየቴ ነው። አራቱን ክሪክ አውጥቶ፣ ሁለቱን በአንድ እጁ ሁለቱን በሌላው ይዞ ሊመልስ ወደ ሳንቴ ካምፐር ይሄዳል። የሳንቴ ካምፐር በነፋሱ ትወዛወዛለች። ዱሊዮ የሾፌሩ በር አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ቆሞ ቀረ። ምን ሆነ ብዬ ጠጋ አልኩ።

ሳንቴ መሪው ኋላ ተቀምጧል። ካፖርቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፣ ጫማው እስከ ላይ ታስሯል፣ ቁልፉ የሞተሩ ማስነሻ ላይ ተሰክቷል፣ አንድ እጁ በሩን ይዟል። አልተኛም። ዓይኑ ቀልቶ ከፊቱ ያለውን ባዶ ሜዳ ያያል። ኋላ አልጋው ከነአንሶላው ሳይነካ ተነጥፏል። ዱሊዮን ሲያየው ሊስቅ ሞከረ፣ አፉ እሺ አላለውም። ከዚያ ዓይኑን ሰበረና ጫማውን ማየት ጀመረ። የዱሊዮን እፍረት ትናንት አይቻለሁ፤ ይሄኛው ባሰብኝ።

ሳንቴ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገ።

«ዱሊዮ፣ ለሰው እንዳትነግር…»

«ዝም በል» አለው ዱሊዮ። እርጥብ ሣር ላይ ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ክሪክ ከሻንሲው ሥር አስገባና ማዞር ጀመረ። ግንብ ሲሠራ እንደማውቀው፣ ሳይቸኩል፣ ማዕዘኑን በመዳፉ እየነካ። አራቱንም አቆመ። ተነሥቶ በትከሻው ገፋት። አልተንቀሳቀሰችም። ጎኗን በመዳፉ ሊመታ እጁን አነሣ፣ እዚያው አየር ላይ ተወው፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ አሳረፈው።

«አልጋህ ላይ ውጣ» አለው። «ጫማህን አውልቅ። እኔ እዚህ ነኝ።»

ፊቴን አዙሬ ወደ ካምፐሬ ገባሁ፤ ይዩኝ አይዩኝ አላውቅም። ሌሎቹ ሲነሡ በጣቴ አፌን ይዤ ዝም አስባልኳቸው። የሳንቴ ካምፐር በር ደፍ ላይ ሁለት ወፍራም ጫማ ማሰሪያቸው ተፈትቶ ተቀምጠዋል፣ ዱሊዮ ከጎናቸው ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ከውስጥ ደግሞ ሳንቴ ሜዳውን እስኪሰነጥቀው ድረስ ያንኮራፋል።